ጣራዬ ያንጠባጥባል፣ ባለቤቷ ዱባይ ናት

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። ባለፈው እትም አንዲት የጎፋ አንባቢ «ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፣ ሮቶ ገዛሁ፣ የት ላስቀምጠው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ «በረንዳሽ ላይ ጥግ አስይዢው፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደረግሁት» አልኳት። ሳምንት ሳይሞላ አንድ መሐንዲስ አንባቢ ጻፈልኝ። «እትዬ፣ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አሥር ኩንታል ይመዝናል። አሥር ኩንታል ጤፍ በረንዳዎ ላይ ይደረድራሉ?»

አልደረድርም። የኔው ባለ 500 ነበር። አምስት ኩንታል ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከአምስት ኩንታል ውሃ ጎን ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ ኖሬአለሁ። በዚያው ቀን ባዶ አድርጌ የብሎካችን ልጆች አወረዱልኝ። አሁን ከሕንፃው ጀርባ መሬት ላይ ሲሚንቶ ተነጥፎለት ቆሟል፤ በትንሽ ፓምፕ ነው የምስበው። የጎፋዋ ልጄ፣ አንቺም አውርጂው። በረንዳ ላይ ሁለት ሦስት ጀሪካን ይበቃል። መሐንዲሱንም እግዜር ይስጥልን።

ለአዲስ አንባቢዎች፦ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ልደታ የነበረው የቀበሌ ቤታችን በ2002 ሲፈርስ ጀሞ ደረሰኝ፤ ባለ አንድ መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ለሰባት ዓመት የብሎካችን ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው ኮቴ ይለያል። የጥበቃ መዋጮ ያልከፈለ ሰው በበሬ በኩል የሚያልፈው በጫማው ጫፍ ነው።

ወደ ደብዳቤዎቹ።

«እትዬ፣ ሰሚት ሁለተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ከሦስት ወር ወዲህ የመታጠቢያ ቤቴ ኮርኒስ ያንጠባጥባል። ቀለሙ ተላልጧል፣ ጥግ ጥጉ ጠቁሯል። ከላዬ ያሉት ተከራዮች ናቸው፤ "አከራያችንን አነጋግሪ" ይሉኛል። ባለቤቷ ዱባይ ናት። በዋትስአፕ ፎቶ ላኩላት። አየችው፣ ሰማያዊ ሆነ፣ መልስ የለም። ኮሚቴው ደግሞ "የግል ጉዳይ ነው" ብሎኛል። ሳፋ ሥር ሳስቀምጥ ልኖር ነው? ማነው የሚከፍለው?» — ሳፋ ያዥዋ፣ ከሰሚት

ሳፋ ያዥዋ፣ ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። በ2005 የሥር ጎረቤቴ ልክ እንዳንቺ ሳፋ ይዛ በሬን አንኳኳች። እኔ ነበርኩ የላይኛዋ። መታጠቢያ ቤቴን ከፍቼ ወለሉን አሳየኋት። ድርቅ ብሏል። «ይኸው እይው፣ ከኔ አይደለም» ብዬ መለስኳት። ሁለት ወር ተኮራረፍን።

ከኔ ነበር። ቤቱን ስንረከብ ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ገና ብሎኬቱ የሚታይ፣ ቁልፍ ብቻ ነው የሰጡን። ሁላችንም የሴራሚክ ሠራተኛ ይዘን ገባን። የኔው ሠራተኛ «እትዬ፣ የሽንት ቤት መቀመጫውን 40 ሳንቲሜትር ብናስጠጋው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቦታ ይወጣል» አለኝ። ደስ አለኝ። ማሽኑ የለኝም፣ ቦታው ግን ይኑረኝ! በመዶሻና በመሮ ወለሉን ፈንቅሎ ቱቦውን ቀጠለና በሲሚንቶ ደፈነው። ውሃ መከላከያ የሚባል ነገር አልቀባም። ሴራሚክ ደግሞ ላዩ ነው እንጂ ውሃ የማያሳልፈው፣ መገጣጠሚያው ያሳልፋል። ውሃው ከሴራሚኩ ሥር ይገባል፣ ወለሉ ውስጥ መንገዱን ይፈልጋል፣ በሰው ኮርኒስ ይወጣል። ላይ ያለው ሰው ምንም አያይም። ስለዚህ የላይኞቹ «ቤታችን ደረቅ ነው» ቢሉሽ ውሸታም አትበያቸው።

አሁን ሥራ ልስጥሽ። ደብተር ያዢና ለአንድ ሳምንት መቼ እንደሚንጠባጠብ ጻፊ። ላይ ሰው ሻወር ከወሰደ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብቻ ከሆነ ችግሩ ወለሉ ወይም የወለሉ ፍሳሽ መውረጃ ነው። ሰው ቢኖርም ባይኖርም፣ ሌሊትም ቀንም ከሆነ፣ ፈረቃ አልፎ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ የሚያቆም ከሆነ፣ ንጹሕ ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ ነው። ይኼን ለማረጋገጥ ላይ ያሉት ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው ቆጣሪያቸውን ይዩ። ምንም ሳይከፈት ከዞረ አለቀ፣ ተገኘ። ከላይሽ ካሉት ፎቆች የትኛውም ውሃ ሲለቅ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚወርደው የጋራ ቱቦ ነው።

ወለሉን ለመፈተን ደግሞ ቀላል ነው። የወለሉን መውረጃ በጨርቅና በላስቲክ ወትፈው፣ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ለቀው፣ አንድ ቀን ማቆየት። አንቺ ሥር ሆነሽ ትጠብቂያለሽ። እኔ ላይ ሲሞከር ጎረቤቴ ከታች ሆና «መጣ!» ብላ ስትጮህ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማን ይከፍላል? ከሷ ወለል ወይም ከሷ ቧንቧ ከሆነ እሷ። ያንቺን ኮርኒስ ማስቀባትም የሷ ነው። ከጋራ ቱቦ ከሆነ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ፣ ማለትም ሁላችሁም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከየግል ቤቱ ውጭ ያለውን ሁሉ የጋራ ያደርገዋል። እና ኮሚቴው ሳያይ «የግል ነው» ማለት አይችልም። መጥቶ አይቶ ይበል። አንድ መስመር ጽፈሽ አስፈርሚያቸው። በቃል የተነገረ ነገር ደረጃ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ዱባይዋ። አንቺ የላክሽላት ፎቶ ነው። ፎቶው ምን ይላል? ጥቁር ጥግ። የሰው ቤት የምትሠራ ከሆነ ስልኩን አየት አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ማታ ደክሟት ተኝታለች። ያንን ቤት በስንት ዓመት ላብ እንደከፈለችው ደግሞ አስቢ። «ተበላሸ» የሚል ፎቶ ሲመጣላት ምን ያህል ልትጠየቅ እንደሆነ ስለማታውቅ ዝም ትላለች። የቧንቧ ሠራተኛ አስመጥተሽ ዋጋውን አስጽፊ። ከዚያ በዕረፍት ቀኗ በድምፅ ላኪላት። «እህቴ እንደምን ከረምሽ» ብለሽ ጀምሪ። «ሥራው ይኼን ያህል ነው፣ ተከራዮችሽ ከፍለው ከኪራዩ ይቀንሱ፣ ደረሰኙን እልክልሻለሁ» በያት። ገንዘብ መላክ ሳይጠበቅባት «እሺ» ብቻ ነው የምትለው። በገንዘብ ያዥነቴ ውጭ ሀገር ካሉ ባለቤቶች ያስከፈልኩት በሙሉ በዚህ መንገድ ነው። አንዷ ብቻ እምቢ ብላኝ ነበር፤ እሷም የምትኖረው ሲኤምሲ ነው፣ እዚሁ አዲስ አበባ።

«እትዬ፣ በቅርቡ ነው ያገባሁት። ባለቤቴ በዕጣ ያገኘው ስቱዲዮ ገባን። እንጀራ ስጋግር ብሬከሩ ይወድቃል። እሱ ምጣዱ ነው ይላል፣ እኔ ቤቱ ነው እላለሁ። እናቴ ደግሞ ቡዳ ነው ትላለች።» — አዲስ ሙሽራ፣ ከገላን

ሙሽሪት፣ ሦስታችሁም ትንሽ ትንሽ ተሳስታችኋል። የእናትሽን ግን ለሷ አትንገሪያት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ስታካፍዪው 16 አምፔር ነው። ብሬከርሽ ላይ 20 ተብሎ ከተጻፈ ምጣዱ ብቻውን ያልፋል። ቦይለሩ ከበራ ግን ሌላ ሰባት ይጨምራል። 23 ሆነ፣ ቆይቶ ወደቀ። ደግ አደረገ፤ ባይወድቅ ሽቦሽ ነበር የሚቃጠለው። ስለዚህ ስትጋግሪ ቦይለር፣ ካውያና ምድጃ ዝጊ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ምጣዱን በዲቫይደር እንዳትሰኪ። የኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ያለች ልጅ ሶፋ ሥር በሚያልፍ ዲቫይደር ስትጋግር ሶፋው ጨሰ። ለምጣድ ከቆጣሪው ሳጥን ቀጥታ የሚመጣ፣ ውፍረቱ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር አስዘርጊ። ባለቤትሽን «ትልቁን ብሬከር ብቻ ቀይርልኝ» እንዳትዪው። ቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር ማድረግ ጠባቂውን አባርሮ በሩን ክፍት መተው ነው።

መቼም ይኼ ሁሉ ጣጣ መምጣት አልነበረበትም። ኮንዶሚኒየሙ ሲታሰብ እንጀራ የሚጋገረው፣ በግ የሚታረደው፣ በርበሬ የሚደለዘው ግቢው ውስጥ ባለው የጋራ መገልገያ ቤት ነበር። ኮሚዩናል የምንለው ማለት ነው። ሐሳቡ ያማረ ነበር። እኛ ጋ ለሁለት ዓመት ያህል ሠርቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ ይዘን እንጋግር ነበር፤ ጭሱም ወሬውም እዚያው ይቀራል። ከዚያ የመብራቱን ሂሳብ ማን ይክፈል የሚል ነገር ተነሳ። እኔ ምጣድ ለመቁጠር ደብተር አወጣሁ፤ የሰው እንጀራ መቁጠር ደግሞ አያምርም፣ ተጣላን። በመጨረሻ ኮሚቴው አከራየው። አሁን ፀጉር ቤት ነው። ኪራዩ የጥበቃውን ደሞዝ ይሸፍንልናል፣ አልዋሽም። በርበሬውን ግን ኮሪደር ላይ ነው የምናሰጣው፣ ሕንፃው በሙሉ ያስነጥሳል።

«እትዬ፣ የካ አባዶ ቤት አገኘሁ። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል፣ ውሉ ደግሞ የስድስት ወር ይሁን አለኝ። ልክ ነው?» — ደሞዝተኛው

ልጄ፣ ልክ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ይመዘገባል። አከራዩ «ፈላጊው ሞልቷል» ይልሃል፣ እሱም እውነቱን ነው። አንተ ግን ሳትቆጣ «አስመዝግበን ብንሠራው ላንተም ዋስትና ነው» በለው። ኪራዩን በባንክ ክፈል። ጥሬ ገንዘብ የሰጠ ሰው ሲጨቃጨቅ ምስክር ፍለጋ ነው የሚዞረው።

ቀጣዩን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አንብቤ አስቀመጥኩት። ሦስተኛ ቀን ነው መልስ የጻፍኩት።

«እህቴ፣ እኔና ባለቤቴ በ1997 ተመዝግበን፣ ልጆቻችን አግብተው ከወጡ በኋላ ዕጣ ወጣልን። ቦሌ አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ። ስማችን ሲጠራ እልል ያለችው እሷ ነበረች። አሁን ጉልበቷን ታማለች፤ መሬት ከረገጠች አራት ወር ሆናት። ውሃ በጀሪካን እኔ ነኝ የማወጣው፣ ዕድሜዬ 71 ነው። ለመሸጥ አምስት ዓመት አልሞላንም። እድራችን ድሮ ሰፈር ቀርቷል። እሷ ማታ ማታ "ስሞት በዚህ ደረጃ እንዴት ያወርዱኛል?" ትለኛለች። ምን ልበላት?» — አባት፣ ከቦሌ አራብሳ

ጋሼ፣ ቀላሉን አስቀድሜ ልንገርዎት። አምስት ዓመቱ መሸጥን ነው የሚከለክለው፣ ማከራየትን አይደለም። የእርስዎን አራተኛ ፎቅ አከራይተው ምድር ወይም አንደኛ ፎቅ ይከራዩ። የታችኛው ሊወደድ ይችላል፤ ልዩነቱን ልጆችዎ ቢሸፍኑ ነውር የለውም። እዚያው ብሎክ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ሰው አይለወጥባትም። የምድር ቤት ተከራዮች ብዙ ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ አቧራውና የመንገዱ ጫጫታ ሰልችቷቸው ላይ መውጣት የሚፈልጉ አይጠፉም። ኮሚቴውን ይጠይቁ፣ ማን ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

ያ እስኪሆን ጀሪካን መሸከም ያቁሙ። አንዱ 20 ኪሎ ነው። ለአንድ ጎረምሳ ጥቂት ብር ይስጡ። ከሱቅ ለሚመጣው ደግሞ እኛ ጋ ያሉ አንዲት እናት የሚያደርጉትን ልንገርዎት፤ ዘንቢል በገመድ ከበረንዳ ያወርዳሉ። ባለ ሱቁ ዳቦና ቲማቲም ከትቶ ገመዱን ሁለት ጊዜ ይስባል። እንቁላል አይሞክሩ።

ለባለቤትዎ ለእትዬም አንድ ነገር አለኝ። እኛ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ዱካ አስቀምጠናል። የማንም አይደለም። የሚወጣም የሚወርድም አረፍ ይልበታል። መጀመሪያ ይሰረቃል ብለን ነበር፤ ይኸው አራት ዓመቱ። በየፎቁ አንድ አንድ ካደረጋችሁ እትዬ እሑድ ጠዋት በግማሽ ሰዓት መውረድ ትችላለች። መውጣቱ አንድ ሰዓት ይሁን፣ ማን ያባርራታል? መውረድ በማትችልበት ሳምንት ደግሞ ቡናው ይውጣ። የሥር ጎረቤቶችን እርስዎ ራስዎ ይጥሩ። «እሷ ጠርታችኋለች» ይበሉ። ሰው አራተኛ ፎቅ ካልጠሩት አይወጣም። ጠልቶ አይደለም፣ ደረጃው ነው። ልደታ ሳለን ማንም አይጠራንም ነበር፤ የቡናው ሽታ ከደረሰሽ ተጠራሽ ማለት ነው። እዚህ ግን መጥራትን እንደ አዲስ ነው የተማርነው።

የማታውን ጥያቄ ደግሞ አልሸሸውም። እሷ ያሰበችው እኛ ላይ ደርሷል። ከላያችን የነበሩ አንድ አባት ሲያርፉ ሣጥኑ መታጠፊያው ላይ አልዞር አለ። ከላይ ያለቅሳሉ፣ ከታች ድንኳን ተጥሎ ሰው ይጠብቃል፣ ወንዶቹ መሐል ላይ ተቸግረው ቆሙ። ልጃቸው ሣጥኑን አስመለሰና በጋቢ አቅፈው አወረዷቸው። ሣጥን ውስጥ የገቡት ምድር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የብሎኩ እድር ከሁሉ አስቀድሞ የገዛው ድስትም ወንበርም አይደለም፣ ጠባብ ቃሬዛ ነው። ቃሬዛው ሰው ከታመመ ጀምሮ ይሠራል፤ አንዲት ነፍሰ ጡር በሌሊት አውርደንበታል፣ ልጁ አሁን ኳሱን በመስኮቴ የሚወረውረው ነው። እናንተ ብሎክ እድር ከሌለ እርስዎ ይጀምሩት። የድሮውንም አይተዉ፣ ሁለት እድር ያለው ሰው ብዙ ነው። ቃሬዛው ሲገዛ እትዬን ያሳዩዋት። «በምን ያወርዱኛል?» ስትልዎ «በዚህ፣ ግን መጀመሪያ ለሐኪም ቤት ነው የምንወርድበት» ይበሏት። ጉልበቷንም ያሳክሟት፤ የጉልበት ሕመም ሁሉ ዕድሜ ብቻ አይደለም።

የመጨረሻው በእርሳስ የተጻፈ ነው።

«እትዬ፣ 10 ዓመቴ ነው። ለበዓል አባዬ በግ ገዛ። ደረጃ ሥር አሰርነው። የአንደኛ ፎቅ ሴትዮ ይሸታል ብለው ተቆጡ። በጉ ሌሊት ይጮሃል ግን የሚጮኸው ብቻውን ስለሆነ ነው። ምን እናድርግ?» — የበጉ ጓደኛ

የበጉ ጓደኛ፣ ሴትዮዋም እውነታቸውን ነው፣ በጉም እውነቱን ነው። ደረጃ ሥር ሽንቱ ሲሚንቶው ውስጥ ይገባል፣ በዓሉ አልፎም ይሸታል። ለአባዬ ንገረው፤ ከሕንፃው ጀርባ፣ ጥበቃው በሚያየው ቦታ እሰሩት። የሌላ ሰው በግ ካለ አጠገቡ አድርጉት፣ ያኔ አይጮህም። ሥሩ ካርቶን አንጥፉለት። ውሃም ስጠው።

ግድግዳ ላይ ወረቀት ከተለጠፈበት ግን አርቃችሁ እሰሩት። ባለፈው ፋሲካ የኛ ብሎክ በግ አንድ ሙሉ ማስታወቂያ በላ። ማስታወቂያው «በግቢው ውስጥ በግ ማሰር ክልክል ነው» ነበር የሚለው።